የድሮ ኮምፒውተር ጥበብ፦ ማሽኑን እንጠብቅ ወይስ ፋይሉን?

እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹን የኮምፒውተር ሥዕል ለልጅ ልጅ ለማቆየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አሮጌውን ማሽን ጠግኖ ማሠራት ነው። ሌላው ኢሙሌተር ነው፤ ላፕቶፓችን ላይ አሮጌውን ማሽን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም።

ለዓይን ከሆነ ማሽኑን የሚያህል የለም። ኮሞዶር 64 የሚባለው የዚያ ዘመን የቤት ኮምፒውተር ያለው ቀለም 16 ብቻ ነው። ሠዓሊዎቹ ግን ያ ወፍራም ቴሌቪዥን ነጥቦችን እንደሚያደበዝዝ ያውቁ ነበር፤ ሁለት ቀለም አጠጋግተው ሦስተኛ ያወጣሉ። ያንኑ ሥዕል በዛሬ ስክሪን ክፈቱት፣ ደረቅ ካሬ በካሬ ይሆንባችኋል። ችግሩ ዕቃ ያረጃል። አሚጋ የሚባለው ሌላው የዘመኑ ኮምፒውተር አንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ያለው ባትሪ ፈሳሹን አንጠባጥቦ ቦርዱን ይበላዋል። መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም።

ኢሙሌተር በነፃ ይገኛል፣ ለማንም ይደርሳል። ግን ፋይሉ መጀመሪያ ከፍሎፒው፣ ማለትም ከተቀመጠበት አሮጌ የማግኔት ዲስክ፣ መውጣት አለበት። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1985 በአሚጋ የሠራቸው ሥዕሎች ለሕዝብ ይፋ የሆኑት በ2014 ነው። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ናቸው ዲስኮቹን ሳይጎዱ የገለበጡት። ያውም የፋይሎቹ ፎርማት እንግዳ ሆኖባቸው!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅድሚያ ለፍሎፒው ነው። ማሽኑ ሙዚየም ውስጥ ጥቂት ቢተርፍ ይበቃል፤ ዲስክ ግን ማግኔቱ ከደከመ አለቀለት።