ለባሕር ዳር ደረቅ አየር የትኛው ኦርኪድ ይሻላል?

የመጀመሪያዋ ኦርኪዴ ፋሌኖፕሲስ ነበረች። ለገና ሰሞን ከአዲስ አበባ ነው ያመጣኋት። ነጭ ናት፣ ሁለት ዘንግ አበባ ተሸክማ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት። የመጣ እንግዳ ሁሉ «የፕላስቲክ ናት እንዴ?» ይለኝ ነበር። የካቲት ላይ እንቡጦቿ ሳይፈነዱ ቢጫ ሆነው ረገፉ። መጋቢት ላይ ቅጠሎቿ እንደ አሮጌ ጫማ ተጨማደዱ። እኔም ውሃ አንሷት ነው ብዬ ጠዋት ማታ አጠጣኋት። ሚያዝያ ላይ ከዕቃዋ ሳወጣት ሥሮቿ በስብሰዋል። ከላይ በጥም፣ ከታች በውሃ ብዛት ሞተች።

ሻጩ «ቀላል ናት፣ በሳምንት አንዴ ውሃ ብቻ» ብሎኝ ነበር። አልዋሸኝም። እርጥብ አየር ላለው ቤት እውነቱን ነው። የኔ ቤት ግን ባሕር ዳር ነው፣ ወሩም መጋቢት።

አሁን ሰው «የትኛውን ልግዛ?» ሲለኝ ስለ ቀለም አልጠይቀውም። ሁለት ነገር ነው የማየው። ተክሉ ውሃ የሚያጠራቅምበት ቦታ አለው ወይ? የትውልድ አገሩ ዝናብና በጋስ ከኛ ጋር ይገጥማል ወይ?

እስቲ የኛን አየር እንየው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ይገባል። ይህን ሙቀት ብዙ ኦርኪድ ይችለዋል። የሚገድለው ደረቁ አየር ነው። ጣና አጠገባችን ተኝቶ እንኳ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ አብዛኛው ኦርኪድ ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይወዳል። ፀሐዩም አለ። ከፍታ ላይ ስለሆንን የቀትር ፀሐይ ቅጠል ላይ ቡናማ ጠባሳ ለመተው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና የሚያሰጋው ሻጋታ ይሆናል። ደግ ነገራችን ሌሊቱ ነው። ብዙ ኦርኪድ ለማበብ የቀንና የሌሊት ሙቀት እንዲራራቅለት ይፈልጋል፤ ያንን እኛ በነጻ ነው የምናገኘው።

ፋሌኖፕሲስ እና ካትሊያ

ሰው መጀመሪያ የሚያማርጠው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ፋሌኖፕሲስ የእስያ እርጥብ ደኖች ልጅ ናት። ዛፍ ላይ ተጣብቃ ትበቅላለች። ውሃ የምታስቀምጥበት ያበጠ ግንድ የላትም፤ ያላት ወፍራም ቅጠልና ሥር ብቻ ነው። ካትሊያ የመጣችው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ ነው። ከቅጠሏ ሥር ያበጡ ግንዶች አሏት፤ ሥራቸው ውሃ ማጠራቀም ነው። ለሳምንት ዘመድ ጥየቃ ደንበጫ ብትሄዱ ካትሊያ ትጠብቃችኋለች። ፋሌኖፕሲስ በመጋቢት ወር ይህን አትችልም።

በብርሃን በኩል ፋሌኖፕሲስ ትቀላለች። በምሥራቅ መስኮት በስስ መጋረጃ የተጣራ ብርሃን ይበቃታል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ በረንዳ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካትሊያ ብርሃን ትለምናለች። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ቢነካት ደስ ይላታል፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ያስፈልጋታል። ቅጠሏን እዩት። ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሷታል፣ አታብብም። ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ካደላ ተመችቷታል።

በአበባ ዕድሜ ካትሊያ ፋሌኖፕሲስን አታክላትም። አንዴ ከፈነዳች ሁለት ሦስት ወር ትቆያለች። የካትሊያ አበባ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ነው፣ ብዙዎቹም በዓመት አንዴ ብቻ ያብባሉ። ግን ብዙዎቹ ይሸታሉ። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ሽታው ኮሪደሩ ላይ ይቀበላችኋል። እኔ በበኩሌ ለዚያ ሁለት ሳምንት ዓመቱን ሙሉ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «ቅጠል ስታጠጣ ከርመህ!» ትላለች። እሷም ልክ ናት።

ብርድን በተመለከተ፣ ፋሌኖፕሲስ ሌሊት ከ16 ዲግሪ በታች ሲቆይባት ትከፋለች። በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ ውጭ ማሳደር አይታሰብም። ቤት ውስጥ ግን የጥቅምትና የኅዳር ቅዝቃዜ ይጠቅማታል። ሌሊቱ ለጥቂት ሳምንታት 16 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው አዲስ የአበባ ዘንግ የምታወጣው። ካትሊያ እስከ 13 ዲግሪ ድረስ ምንም አይመስላት።

ወደ ገበያው ስንመጣ፣ ፋሌኖፕሲስ በብዛት ስለምትመረት በየአበባ ቤቱ አለች፣ ዋጋዋም ከሌሎቹ ይቀላል። ካትሊያ መፈለግ ይጠይቃል። ስታገኟት ደግሞ «ይህች ለአበባ ደርሳለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዘር የተነሳች ካትሊያ ለማበብ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልትወስድ ትችላለች። ርካሽ ችግኝ ገዝቶ አምስት ዓመት መጠበቅ ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል። የደረቀ የአበባ ዘንግ ቅሪት ካያችሁባት ቢያንስ አንዴ አብባለች ማለት ነው።

የኔ ፍርድ? በረንዳ ካላችሁና የምትረሱ ሰዎች ከሆናችሁ ካትሊያ። መስኮት ብቻ ካላችሁና በየሁለት ቀኑ ሥር እያያችሁ የምትከታተሉ ከሆነ ፋሌኖፕሲስ።

ዴንድሮቢየም፦ የትኛው ዴንድሮቢየም?

«ዴንድሮቢየም አለ» ሲሏችሁ ቶሎ ብር አታውጡ። ዴንድሮቢየም ከ1,000 በላይ ዝርያ ያለው ትልቅ ወገን ነው። እኛ ጋ ለምርጫ የሚቀርቡት በተለይ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

አንደኛው አበባው ፋሌኖፕሲስን የሚመስለው ነው። ረጅም ግንድ አለው፣ አበባው ከጫፍ በሚወጣ ዘንግ ላይ ይደረደራል። ሙቀት ወዳጅ ነው፤ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች አይፈልግም። ወደ ዓባይ በረሃ ዳርቻ ወይም ወደ ቆላው ለሚኖር ሰው ውሃ እስካለ ድረስ ይሄ ይሻላል። ባሕር ዳር ላይ በታኅሣሥ ብርድ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ሲያራግፍ አትጣሉት። ቅጠል የሌለው አሮጌ ግንድ እንኳ እንደገና ሊያብብ ይችላል።

ሁለተኛው ኖቢሌ የሚባለው ነው። አበባው ከግንዱ አንጓዎች ላይ ከላይ እስከ ታች ይፈነዳል። አገሩ የሂማላያ ተራራ ግርጌ ነው፤ ሰሜን ሕንድ፣ ኔፓል። እዚያ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከዚያ ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ይመጣሉ፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ያኔ ኖቢሌ ያብባል። ይህ የማን የቀን መቁጠሪያ ነው? የጎጃም! ከኅዳር እስከ ጥር ማዳበሪያ ታቆማላችሁ፣ ግንዱ በጣም እንዳይጨማደድ ብቻ ጥቂት ውሃ ትሰጣላችሁ፣ ብርሃንና የሌሊት ቅዝቃዜ ታሳዩታላችሁ። ሌላው ሰው ኖቢሌ አላብብ አለኝ ብሎ የሚያማርረው በጋውን ሙሉ እያጠጣው ነው። ከልክ ያለፈ እንክብካቤ ሲያገኝ በአበባ ፈንታ ግንዱ ላይ ትንንሽ ችግኝ ያወጣል። ባሕር ዳር ላይ ለሚጀምር ሰው አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኖቢሌን እመርጣለሁ። ካትሊያ ሁለተኛ ናት።

ቫንዳ፣ ኦንሲዲየም፣ ሲምቢዲየም

ቫንዳን ፎቶ ላይ አይታችሁ ትወዷታላችሁ። ሰማያዊ ሐምራዊ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል አበባ። ሥሮቿ ያለ ምንም መትከያ አየር ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚኖሩት። በኛ በጋ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ማጠጣት ማለት ነው። ዋጋዋም ከባድ ነው። ለጀማሪ አልመክርም፤ ነጥብ።

ኦንሲዲየም መካከለኛ ናት። ያበጠ ግንድ አላት፣ ሥሯ ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛ ዓመታችሁ ላይ ሞክሯት።

ሲምቢዲየም ባሕር ዳር ላይ ቅጠል ብቻ ሆና የመቅረት ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ለማበብ ከኛ ይበልጥ ቀዝቀዝ ያለ አየር ትፈልጋለች። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ከሆናችሁ ግን ይህን ጽሑፍ እርሱትና ሲምቢዲየም ግዙ። እናንተን የምቀናባችሁ በዚህች ነገር ነው።

የሸክላ ዕቃ ወይስ ፕላስቲክ?

ሸክላ ይተነፍሳል። ውሃው በግድግዳው እየተነነ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ ግን ቶሎ ያደርቃል። ስለዚህ በደረቅ አየር ፋሌኖፕሲስን ሸክላ ውስጥ መትከል ጥሙን ማባባስ ነው። ለእሷ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሻላል። ሥሯን ከውጭ ታያላችሁ፤ ብርማ ነጭ ከሆነ ጠምቷታል፣ አረንጓዴ ከሆነ ተዉአት። እኔን የመጀመሪያ ዓመት ይህን ያስተማረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

ለካትሊያና ለኖቢሌ ሸክላ እመርጣለሁ። ምክንያቱ ክረምቱ ነው፤ አራት ወር ሙሉ አየሩ ረጥቦ ሲቆይ ፕላስቲክ ውስጥ ሥር ይበሰብሳል። ጀበናና ድስት ለሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎች ነግራችሁ ከመተኮሱ በፊት ጎኑንና ሥሩን እንዲበሱላችሁ አድርጉ። ከተተኮሰ በኋላ በመሰርሰሪያ እበሳለሁ ብላችሁ እንዳትሞክሩ። እኔ ሁለት ሰብሬያለሁ።

ትልቅ ዕቃም አትግዙ። ኦርኪድ ጠበብ ያለ ቤት ይወዳል።

ውስጡ ምን ይግባ? አፈር አይሁን። እናቴ ጥቁር አፈርና ፍግ ካልተጨመረ ተክል ይበቅላል ብላ አታምንም፤ እስካሁን ተከራክረን አልጨረስንም። የኦርኪድ ሥር ግን አየር ይፈልጋል፣ አፈር ያፍነዋል። የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ከውጭ የሚመጣው ምርጥ ነው፣ ግን ውድ። ሞስ የሚባለው፣ ደርቆ የሚሸጥ ስፖንጅ መሰል ተክል፣ ውሃ ይይዛል፤ ለፋሌኖፕሲስ በበጋ ደህና ነው፣ በክረምት አደገኛ። በእጃችን ያለው ከሰልና ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር ነው። ጠጠሩን ደጋግማችሁ እጠቡት፣ አቧራው ቀዳዳ ይደፍናል። ለኖቢሌ ግማሽ ከሰል ግማሽ ጠጠር አድርጌ ተሳክቶልኛል።

ማዳበሪያ ካነሳን፣ ለበቆሎ የተገዛ ዩሪያ ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ አትጨምሩ። ዩሪያ ለተክል በአብዛኛው የሚጠቅመው በአፈር ውስጥ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ከሰልና ጠጠር ውስጥ ያ በቅጡ አይሆንም። ሲበዛም ሥር ያቃጥላል። በውሃ የሚሟሟ የአበባ ማዳበሪያ ፈልጉና ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ ስጡ።

ውሃውም ለውጥ ያመጣል። የቧንቧ ውሃ ከዓመት በኋላ ዕቃው ላይ ነጭ ጨው ይተዋል። በክረምት ከቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን በሮቶ ወይም በበርሜል ያዙ፤ የመጀመሪያውን አቧራ ያጠበ ዝናብ አሳልፋችሁ። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨት ግን እንደሚባለው አይደለም። በኛ መጋቢት በደቂቃዎች ይደርቃል። ዕቃዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ወለሉን ወይም ጠጠር የሞላ ትሪ ማርጠብ ይበልጣል። ትሪው ላይ ያለው ውሃ ግን የዕቃውን ቂጥ አይንካ።

ስትገዙ

አበባውን እርሱትና ሥሩን ጠይቁ። ተክሉን በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፤ እንደ ወላቃ ጥርስ ከተነቃነቀ ሥር የለውም። ሁሉም አበባ የፈነዳበትም፣ ሁሉም እንቡጥ የሆነበትም አይሁን። እንቡጥ በመንገድና በአየር ለውጥ ይረግፋል፤ የፈነዳው ሁሉ ደግሞ ቀኑን ጨርሷል። ግማሽ በግማሽ የሆነውን ምረጡ።

ከዛፍ ላይ የተነቀለ የዱር ኦርኪድ ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ አትግዙት። አገራችን ፖሊስታኪያና ኤራንጊስን የመሳሰሉ ዛፍ ላይ የሚበቅሉ የራሷ ኦርኪዶች አሏት። ከደን የተነቀሉት ቤት ውስጥ ብዙም አይቆዩም፤ ደኑም ይራቆታል።

ከአዲስ አበባ የምታመጡ ከሆነ የዓባይን በረሃ አስቡ። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ሸሚዛችሁ ይጣበቃል። ተክሉም እንደዚያው ነው። ዕቃ መጫኛ ውስጥ አትክተቱት፣ መስኮት ዳር ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት። እግራችሁ ሥር፣ በካርቶን፣ ዙሪያውን በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይምጣ።

ወሩን መምረጥ ከቻላችሁ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ግዙ። እኔ ለገና ገዝቼ ሁለት ወር ሳይሞላት ከደረቁ አየር ጋር አጋጨኋት። በመስከረም የመጣ ተክል መጋቢት እስኪደርስ ስድስት ወር አዲስ ሥር ያወጣል። ኖቢሌዬ የመጣችው በመስከረም ነው፤ አሁን አራተኛ ዓመቷ።