ስትሮውቤሪ፦ ሙዚቃውን ሃርድ ዲስክ ላይ ለሚያኖር ሰው

ኮምፒውተራችሁ በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነና ዘፈናችሁን በፋይል የምትይዙ ከሆነ ስትሮውቤሪ የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ጫኑት። ነፃ ነው፣ ኮዱም ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው ክፍት ነው። ጉድለት የለውም አልልም፤ አንዱ እንዲያውም በየቀኑ ያበሽቀኛል።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ይውላል። በኢንተርኔት ማጫወት ለእኔ አልሆነም። ኔትወርኩ ዘፈን መሃል ቀጥ ሲል ደንበኛ ሁሉ ዞሮ እኔን ነው የሚያየኝ። ስለዚህ ፋይል እይዛለሁ፤ አብዛኛው ከአባቴ ካሴቶች የተገለበጠ ነው።

ማጫወቻው የመጣበት መንገድ ደስ ይለኛል። ድሮ አማሮክ የሚባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ እትም 2.0 ሲወጣ መልኩ ከላይ እስከ ታች ተቀየረ፤ 1.4ን የለመደው ብዙ ሰው አኮረፈ። የድሮውን የወደዱት ኮዱን ይዘው ክሌመንታይንን ሠሩ፤ በ2010 ወጣ። እሱም በ2016 እትም 1.3.1 ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው። በ2018 ከእሱ ስትሮውቤሪ ተወለደ። የአንድ ድርጅት ንብረት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲሰለቸው አብሮ ይቀበር ነበር። እዚህ ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው ተቀበለው፤ እኔም ጁስ ቤቴ ውስጥ ተጠቀምኩ።

ከካሴት የተገለበጠ ፋይል ስሙ «ትራክ 01» ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ስትሮውቤሪ ላይ የአንድ ካሴት ዘፈኖችን በሙሉ መርጣችሁ፣ በቀኝ ክሊክ ገብታችሁ፣ የዘፋኙን ስም አንዴ ብቻ ትጽፋላችሁ። ለሁሉም ይገባል። የሚጽፈው ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ነው፤ ነገ ማጫወቻ ብትቀይሩ ስሙ አብሮ ይሄዳል። ድምፁን ለይቶ ስሙን ሚዩዚክብሬይንዝ ከሚባለው የኢንተርኔት የዘፈን መዝገብ የሚያመጣ ቁልፍም አለ። ለፈረንጅ ዘፈን ግሩም ነው፤ የአባቴን ካሴቶች ግን አያውቃቸውም።

የዘፈን ዓይነት የሚሞላበትን ቦታ እኔ ቋንቋ እጽፍበታለሁ። የድሬው ልጅ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በአረብኛ ዘፍኗል፤ «ፖፕ» ብሎ መጻፍ ለማን ይጠቅማል? ዝርዝሩን በዓይነት ከዚያ በዘፋኝ ደርድር ካላችሁት በየቋንቋው ይከፍልላችኋል።

የሚያበሽቀኝ ፍለጋው ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ።

«አቦ ልጄ፣ እስቲ ያቺን የአሊን ክፈቺልኝ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ በአልፋው «አ» ስጽፍ የሚወጣው ግማሹ ነው። የቀረው በዓይኑ «ዓ» ነው የተጻፈው። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። አንዱ ዓሊ ሁለት ዘፋኝ ሆኖ ተቀምጧል። ሰና ሠ፣ ሀና ሐ፣ ጸና ፀም ያው ናቸው። ለጊዜው መላው ስሙን ሁሉ በአንድ ፊደል አስተካክሎ መጻፍ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ማጫወቻው የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ልጅ ሞልቷል፤ አንዱ ቁጭ ብሎ ፍለጋው እነዚህን ፊደላት እኩል እንዲያይ ቢያደርግና ለሠሪዎቹ ቢልክላቸው የሚከለክለው የለም። የጁሱ ወጪ በእኔ።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑ።

አንዱ ካሴት ሹክ ሲል ሌላው ይጮሃል፤ ድምፃቸውን የሚያቀራርብ ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ አብሩት። ለስልክ ግን አልተሠራም፤ እዚያ ሌላ ፈልጉ።