ደብረ ብርሃን ላይ የብክለት አቤቱታ ማስጻፍ ለምትፈልጉ፦ እኚህ ጸሐፊ ጋ ሂዱ

ከ5 ኮከብ 4 ነው የምሰጣቸው፣ አንዷ ለምን እንደቀረች ወደታች እናገራለሁ።

ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ናቸው፣ ጠና ያሉ ሰውዬ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ነው የሚሰሩት። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በውርስና በቦታ ክርክር ነው፣ እኛ ግን የሄድነው በበሬሳ ጉዳይ ነው፣ እና የአካባቢ ጉዳይ አቤቱታ እንደዚህ ተደርጎ ሲጻፍ አይቼ ስለማላውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

በሬሳን ለማታውቁ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጀማ የሚገባ ወንዝ ነው፣ ጀማ ደግሞ አባይ ይገባል። እኛ ከከተማው በታች ያለነው ልብስ የምናጥበው በሱ ነው፣ በጎቹ የሚጠጡት እሱን ነው፣ በበጋ ድንቹም ጎመኑም በሱ ነው የሚለማው፣ ያ ጎመን ደግሞ ተመልሶ ከተማ ገበያ ነው የሚወጣው። ከላይ አንድ ፋብሪካ የሚለቀው ፍሳሽ እየባሰ ሲመጣ እድራችን ተሰበሰበና የክልሉ ምክር ቤት ለበጀት ጉባኤ ከመቀመጡ በፊት አቤቱታ እናስገባ ተባለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ ጉባኤውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ወረቀቱ ተመራጫችን እጅ ሳይገባ እሳቸው ባሕር ዳር ከሄዱ አለቀ፣ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ወንዙም እኛም እንደዚሁ ነን።

መጀመሪያ የጠየቅነው ሌላ ቤት ነበር፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። እዛ ልጁ ገና ጉዳያችሁ ምንድነው ሳይል ኮምፒውተሩ ላይ ያለ የድሮ ማመልከቻ ከፈተ፣ "በትህትና እንጠይቃለን" የሚለው አስቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ስም ብቻ ነው የሚቀይረው። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ተነስተን ወጣን።

እኚህ ሰውዬ ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ኪቦርዱን ገፋ አድርገው ነጭ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ላይ አንድ ጠማማ መስመር አሰመሩ፣ ይሄ ወንዙ ነው አሉ፣ ከዛ ድልድዩን፣ ፍሳሹ የሚገባበትን ቱቦ፣ ሴቶቹ የሚያጥቡበትን ድንጋይ፣ የአትክልቱን ቦታ አንድ በአንድ እኛው እንድናሳያቸው አደረጉ። ከእድሩ አብረውን የመጡት እትዬ "ኧረ ጋሼ ወንዛችንን ገደሉት እኮ" ብለው ማልቀስ ሲጀምሩ ሰውዬው እስኪጨርሱ ዝም ብለው ሰሟቸውና "አምንዎታለሁ እትዬ፣ አሁን ግን ይንገሩኝ፣ መቼ ነው የሚብሰው? ጠዋት ነው ማታ?" አሏቸው። እትዬም "ማታ ነው እንጂ፣ ሰው ቤቱ ሲገባ ነው የሚለቁት፣ ሲነጋ አረፋው ድንጋዩ ላይ ደርቆ ያገኙታል፣ በእጅዎ ቢነኩት ያሳክካል" አሉ። ማመልከቻው ላይ የገባው ይሄ ነው፣ በሳቸው አነጋገር፣ ሰዓቱና ድንጋዩ ሳይቀር። ወንዙ ሞተ የሚለው አልገባም።

ቀጥሎ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ ብለው መለሱን። ሁለት ሃይላንድ እጠቡና አንዱን ከቱቦው በላይ አንዱን ከቱቦው በታች ቅዱ፣ ፕላስተር ለጥፉበትና ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀዳውን ሰው ስም ጻፉበት፣ ሲቀዳ ደግሞ ቪዲዮ ይነሳ አሉ። የኛ ወጣቶች በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወርደው ቀዱ። ሁለቱ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ኮፒ ሊያስደርጉ ወረፋ የያዙ ሰዎች ሁሉ ዞረው ነው ያዩት፣ የላይኛው ትንሽ አፈር ያለበት ውሃ ነው፣ የታችኛው ግራጫ ነው፣ ሲነቃነቅ አረፋ ያወጣል። "ይሄ ላብራቶሪን አይተካም፣ ግን ላብራቶሪ ያለው ሰው እንዲመጣ ያደርጋል" አሉን።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፣ ምክንያቱም እኔ ከገንዘቤ በላይ አተረፍኩ የምለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፋብሪካ ሲበክል መክሰስ የሚችለው ከብቱ የሞተበት ወይም ልጁ የታመመበት ሰው ብቻ ይመስለዋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለፌደራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ሰውዬው አዋጁን ኮፒ አድርገው ጠርዘው አስቀምጠውታል፣ ገልጠው ጣታቸውን ቃሉ ላይ አድርገው ነው ያስነበቡን። የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል የሚለውም እዛው አዋጅ ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ መኖር መብት ነው ይላል፣ አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካችሁ ፕሮጀክት ሲታቀድም ሲሰራም ሐሳባችሁን የመስጠት መብት አላችሁ ይላል። ይሄን ሁሉ ግን ማመልከቻው ላይ አልደረደሩትም፣ አንቀጽ 11ንና አንቀጽ 44ን ብቻ አስገብተው ሌላውን "በቃል ሲጠይቋችሁ መልሱት" አሉን።

አድራሻው ላይም ጎበዝ ናቸው። ከኛ አንዱ "ለሰሜን ሸዋ ዞን ምክር ቤት በሉልን" ሲላቸው አማራ ክልል ውስጥ ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ ዞኖቹ ናቸው፣ እንደ ዋግ ኽምራና አዊ ያሉት፣ ሰሜን ሸዋ አስተዳደር እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፣ እንደዛ ብላችሁ ብትጽፉ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል አሉን። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ወረቀት ተጻፈ። አንዱ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በአንቀጽ 11 መሰረት፣ ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 30 ቀኑ እንዲቆጠር። ሁለተኛው ለክልሉ ምክር ቤት በተመራጫችን በኩል፣ ግልባጭ ጉዳዩን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ። እና የሁለቱ ጥያቄ አንድ አይደለም፣ ይሄንን ልብ በሉልኝ። ምክር ቤት ፋብሪካ አይዘጋም፣ ምክር ቤት አስፈጻሚውን ነው የሚጠይቀው፣ በጀት ነው የሚያጸድቀው። ስለዚህ ለምክር ቤቱ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በጀቱ ሲጸድቅ ወንዝ ላይ ወርዶ ናሙና ለሚወስድ ባለሙያ መኪናና የላብራቶሪ ወጪ እንዲያዝ። እውነት ለመናገር አንዳንዶቻችን ቅር ብሎን ነበር፣ ፋብሪካው ይቀጣ የሚል ቃል በትልቁ እንዲጻፍ ነበር የፈለግነው። ሰውዬው ግን ተመራጩ ጉባኤ ላይ ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ ሊናገረው የሚችል ነገር ስጡት፣ ሦስት ገጽ ሮሮ ይዞ የተነሳ ሰው ደቂቃው ያልቅበታል አሉ። ትክክል ናቸው። ሁለቱም ወረቀት ከአንድ ገጽ አላለፈም፣ የእድሩ አባላት ፊርማና የወንዙ ንድፍ ከኋላ ተያይዞ።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት እንግዲህ በዚህ ነው። ደረሰኝ አይሰጡም። ለግለሰብ ምንም ላይሆን ይችላል፣ የእድር ገንዘብ ያዥ ግን ደረሰኝ የሌለው ወጪ እንዴት አድርጎ ነው መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው፣ በመጨረሻ በእጅ ጽፈው ፈረሙልን እንጂ። ሁለተኛ የሚጽፉት በፓወር ግዕዝ ነው፣ ፋይሉን በቴሌግራም ስንልከው ስልክ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ተዘበራረቀ፣ ባሕር ዳር ያለችው የኛ ሰፈር ልጅ አንድ ቃል ማንበብ አልቻለችም። ፒዲኤፍ አድርጉልኝ ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያው መጠበቅ ነው። ወጣቶቹን ትንሽ ይቆጣሉ፣ ሲያወሩ አቋርጠው "ቀኑን! ቀኑን ንገረኝ!" ይላሉ፣ አንዱ ልጅ ተከፍቶ ወጥቶ ነበር፣ በኋላ ግን ራሳቸው ጠርተው ሻይ ጋበዙት።

ዋጋው ለሁለቱ ወረቀት ፕሪንትና ኮፒ ጨምሮ 600 ብር ነው፣ ከሌሎቹ ይወደዳል። ሌሎቹ ግን ወንዙን ወረቀት ላይ አይስሉላችሁም፣ አንቀጽ 11ንም አያውቁትም፣ እኔ በበኩሌ እጥፉንም ቢሉ እከፍል ነበር።

አሁን ያለበትን ለምትጠይቁኝ፣ ሁለቱም ወረቀት ገቢ ሆኖ ማህተም ያረፈበት ቀሪ በእጃችን አለ፣ ተመራጫችን የሳቸውን ተቀብለው ከጉባኤው በፊት ይዘውት ሄደዋል። ባለሙያዎች መጥተው ከቱቦው በላይም በታችም ውሃ ቀድተዋል፣ እትዬም ድንጋዩን አሳይተዋቸዋል። ውጤቱ ገና አልመጣም። 30 ቀኑን እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር እያጠፋን እየቆጠርን ነው፣ መልስ ከሌለ ፍርድ ቤት የሚገባውንም እሳቸው ናቸው የሚጽፉልን።

የምትሄዱ ከሆነ ገበያ ቀን አትሂዱ ወረፋው አይቀመስም፣ ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ፍላሽ ያዙ፣ የፈራሚዎች ሙሉ ስም ከነአያት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ጉዳዩን በዓይኑ ያየ ሰው ደግሞ አብሯችሁ ይሂድ፣ ሰማሁ የሚል ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። ከምክር ቤቱ ጉባኤ በፊት ማስገባት የምትፈልጉ ካላችሁ ከግንቦት ጀምሩ፣ ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው እሳቸው ጋ ነው።