ስምንት እርምጃና አንድ ጳጳስ፦ የንጉሥ ሕንዳዊ ጥቃት ከስምንት ወር በኋላ

ይህ የቼዝ መክፈቻ የሚወደደው በአንድ ተስፋ ነው፤ ጥቁር ምንም ይጫወት ምን፣ ነጭ የራሱን ስምንት እርምጃ ይደረድራል (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ፈረስ ኤፍ3፣ ወታደር ጂ3፣ ጳጳስ ጂ2፣ ካስሊንግ (ንጉሡ ወደ ግንቡ ሁለት ቤት ሄዶ ግንቡ በላዩ ዘልሎ ከጎኑ የሚያርፍበት ተራ)፣ ወታደር ዲ3፣ የግራው ፈረስ ዲ2፣ ወታደር ኢ4፣ ግንብ ኢ1። (ጎንደር ላይ «ግንብ» ሲባል የፋሲል ግቢ ይታሰባል፤ እዚህ ግን ሩኩን ነው።) ስምንት ወር ሙሉ ፒያሳ ካፌ ውስጥ በዐሥር ደቂቃ ጨዋታ፣ ማታ ማታም በስልክ ሲሞከር ከርሞ የሚሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ ተስፋው ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ወታደሩን ኢ6 ላይ ካቆመ ከእጅ የማይለይ መሣሪያ ነው። ኢ5 መድረስ ከተፈቀደለት ግን «ጥቃት» የሚለው ስም ይበዛበታል።

የዚህ መክፈቻ መሠረት ፊያንኬቶ ነው፤ ፊያንኬቶ ማለት የፈረሱን ፊት ወታደር አንድ ቤት ገፍቶ፣ በተለቀቀው ቤት ጳጳሱን ማስቀመጥ ነው። ጳጳሱ ጂ2 ላይ ሆኖ እስከ ኤ8 የሚዘልቀውን ረጅም ሰያፍ ያያል፤ ንጉሡ ከኋላው ይጠለላል። አሰላለፉ ጥቁር በንጉሥ ሕንዳዊ መከላከያ የሚሠራው ራሱ ነው፤ ልዩነቱ ነጭ አንድ ተራ ቀድሞ መሥራቱ ነው። በቃል የሚያዝ ረጅም መስመር የለውም፤ ሰዓት አይበላም፤ ንጉሡም በአራተኛው ተራ ካስሊንግ አድርጎ ያርፋል። ከሥራ በኋላ ለሚጫወት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። በአገራችን ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ይህን መክፈቻ እንደ ወረራ የሚጫወተው ብዙ ነው፤ ዐይኑን ከራሱ ጠጠሮች ሳያነሣ ስምንቱን ይደረድራል፤ ቀና ሲል መሐሉ ተይዟል።

መጀመሪያ የሚያበራበትን እንይ። ጥቁር በኢ6፣ ዲ5 እና ሲ5 ሲሰለፍና በንጉሥ ወገን ካስሊንግ ሲያደርግ፣ ነጭ ወታደሩን ኢ5 ይገፋል። ኤፍ6 ላይ ያለው ፈረስ ወደ ዲ7 ይሸሻል፤ የጥቁር ንጉሥ ዋና ጠባቂው ሄደ ማለት ነው። ከዚያ የነጭ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ ከዲ2 ያለው ፈረስ ወደ ኤፍ1፣ ወታደር ኤች4፣ ጳጳስ ኤፍ4፣ ፈረሱ በኤች2 በኩል ወደ ጂ4፣ ወታደሩ ኤች5 ከዚያም ኤች6። ጥቁር በሌላው ወገን ቢ5፣ ቢ4፣ ኤ5፣ ኤ4 እያለ ይሮጣል። ሩጫ ነው፤ ነጭ የሚሮጠው ግን ንጉሥ ወዳለበት ነው።

ለዚህ አሰላለፍ የሚጠና አንድ ጨዋታ ቢፈለግ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በ1967 ቱኒዚያ ሱስ ከተማ ላይ ሞንጎሊያዊውን ሚያግማርሱረንን ያሸነፈበት ነው። በ31ኛው እርምጃ ንግሥቲቱን ኤች7 ላይ ሠዋ፤ ጥቁር ጨዋታውን ለቀቀ። ንጉሡ ንግሥቲቱን ቢበላ ወታደሩ ጂ6 ላይ በልቶ ከግንቡ ጋር ድርብ ቼክ ይሰጣል (ሁለቱም በአንድ ጊዜ ንጉሡን ያስፈራራሉ)፤ ንጉሡ ያንን ወታደር ከበላ ጳጳሱ ከጂ2 ወደ ኢ4 ወጥቶ ማት ይላል። ወደ ጂ8 ቢመለስም ግንቡ ኤች8 ላይ ይጨርሰዋል። ከሠዋው ንግሥት ይልቅ ግን ልብ የሚባለው 13ኛው እርምጃ ነው። ጥቁር ኤ4 እንደደረሰ ፊሸር ወዲያው ኤ3 ብሎ በሩን ዘጋ። ያ ወታደር ኤ3 ድረስ ቢወርድ ነጭ ቢ3 ለማለት ይገደዳል፤ ሲ3 የጥቁር ፈረስ ማረፊያ ይሆናል። በካፌ ጨዋታ ላይ ነጭ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ይህችን አንዲት ተራ ስለሰሰተ ነው።

ኢ5 ላይ ስለሚቆመው ወታደር ደግሞ ሒሳብ ይያዝ። ጥቁር በዲ7 ፈረስ፣ በሲ6 ፈረስና በሲ7 ንግሥት ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ነጭ የኤፍ3 ፈረስ፣ የኢ1 ግንብና የኤፍ4 ጳጳስ አለው፤ ሦስት ለሦስት። ስለዚህ ጳጳሱ ኤፍ4 ላይ ሳይነካ መቆየት አለበት። ኤች4 ሳይቀድም ጳጳሱ ከወጣ ጥቁር ጂ5 ብሎ ያባርረዋል፤ ጥበቃው ይጎድላል፤ ወታደሩ ይበላል። ቅደም ተከተሉ ኤች4 መጀመሪያ፣ ጳጳስ ኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው ስሕተት ጥቁር ገና ካስሊንግ ሳያደርግ ኢ5 መግፋት ነው። ብልኅ ተጋጣሚ ንጉሡን መሐል አቆይቶ ኤች6 እና ጂ5 ይላል፤ ቀጥሎ ጂ4 የኤፍ3 ፈረስን ያባርራል፤ ኢ5 ይወድቃል። ነጭ የሚያጠቃው ንጉሥ በዚያ ወገን የለም፤ የተከፈተው የራሱ ነው። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፦ ግንብ ኢ1፣ ንግሥት ኢ2፣ ወታደር ሲ3 እያሉ ጥቁር ንጉሡ የሚያርፍበትን ወገን እስኪመርጥ መጠበቅ። እስከዚያ ኢ4 ባለበት ይቆይ።

አሁን ወደ ድክመቱ። ጥቁር ዲ5 እና ሲ6 ብሎ ጳጳሱን ወደ ጂ4 ሲያወጣ፣ ቀጥሎም ኢ5 ሲይዝ፣ ነጭ ኢ4 ላይ ይገፋል፤ ወታደሮቹ ይበላላሉ፤ ጨዋታው እኩል ነው። የኤፍ3 ፈረስ በጂ4 ጳጳስ ታስሯል (ከተነሣ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች)። የሚፈታው ኤች3 ብሎ ጳጳሱን ወደ ኤች5 መግፋት፣ ንግሥቲቱን ኢ1 ማድረግ፣ የዲ2 ፈረስን ወደ ሲ4 ማውጣት ነው። ኤ4 መግፋትም አይረሳ፤ አለዚያ ቢ5 ያን ፈረስ ያባርረዋል። መጥፎ አይደለም፤ ግን ማትን ለለመደ ሰው ያሰለቻል።

በጣም የሚከብደው ሲ5፣ ፈረስ ሲ6፣ ጂ6፣ ጳጳስ ጂ7 እና ኢ5 አሰላለፍ ነው። ጥቁር ኢ5ን በወታደር ስለዘጋ የነጭ ዋና ግፊት የለም። የዲ2 ፈረስም የራሱን ሲ1 ጳጳስ አፍኖ ይቀመጣል። እዚህ ስምንቱን እርምጃ በጭፍን መጨረስ ከንቱ ነው፤ ፈረሱን ቢ1 አቆይቶ ሲ3 መግፋት፣ ጳጳሱን ኢ3 ማውጣትና ዲ4 ማዘጋጀት ይሻላል። ወይም የኤፍ3 ፈረስን ወደ ኤች4 አንሥቶ ኤፍ4 መግፋት። ጥቁርም በበኩሉ ኤፍ5 እያሰበ ስለሆነ የሚዘገይ ይቀደማል።

እንግዲህ የዚህ መክፈቻ «ተለዋዋጭ» የሚባለው ባሕርይ ዋጋው የሚታየው ከካስሊንግ በኋላ ነው። እስከዚያ ነጭ ዲ3 እንኳ አልገፋም። ጥቁር ዲ5፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ኢ6፣ ጳጳስ ኢ7 ካለ፣ ከዲ3 ይልቅ ሲ4 መጫወት ሌላ ጨዋታ ይከፍታል፤ ዲ4 ሲጨመርበት ካታላን የሚባለው ሌላ መክፈቻ ይሆናል። ጥቁር ሲ4 ያለውን ቢበላ ንግሥቲቱ ኤ4 ላይ ቼክ ብላ ወታደሩን ታስመልሳለች። ጥቁር ሲ6 ገፍቶ ከሆነ ግን ቼኩ የለም፤ ቢ5 ወታደሩን ሊይዘው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቢ3 ይቅደም።

የእርምጃ ቅደም ተከተልም የራሱ ነገር አለው። በጂ3 መጀመር ጥቁርን ወዲያው ኢ5 ይጋብዘዋል። በፈረስ ኤፍ3 መጀመር ይህን ይከለክላል፤ ኢ5 ቢል በነፃ ይበላበታል።

የመጨረሻው ነገር የጂ2 ጳጳስ ነው። ጥቁር ንግሥት ዲ7 ካለ ቀጣዩ ጳጳስ ኤች3 ነው፤ አላማው ይህን ጳጳስ ማስቀየር። ከተቀየረ ኤፍ3 እና ኤች3 ቤቶች ባዶ በር ይሆናሉ። ግንቡ ቀድሞ ኢ1 ላይ ከሆነ ነጭ ጳጳሱን ወደ ኤች1 መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ጥቁር ተራውን በከንቱ አጠፋ። ግንቡ ገና ኤፍ1 ላይ ከሆነ ግን ጳጳሱ ወደ ኤች1 ሲሸሽ ግንቡ ይበላል።