ኢንሹራንስ አለው፣ ለዚህ ሥራ ግን የለውም፦ የሦስት ሳምንት የአገር ቤት ቆይታዬ

ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነስቼ ዘንድሮ ጥር ላይ ለጥምቀት አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከኔ በኋላ ለሚሄድ ሰው ከጠቀመ ብዬ የተገለገልኩባቸውን ነገሮች በየተራ ልጽፍ ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ተከራየኋት አንዲት ቪትዝ መኪናና ስለ ኢንሹራንሷ መሆኑን ከወዲሁ እናገራለሁ።

በረራው ደህና ነበር። ሁለቱም ሻንጣዎች ደረሱ፣ አንደኛው ብቻ እጀታው ተገንጥሎ። ሲም ካርድና ቴሌብር በአንድ ቀን አለቀልኝ። ገርጂ የተከራየሁት ኮንዶሚኒየም ንጹህ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉ መሙላቱን ማታ ማታ አይቶ መተኛት ነው። የጥበቃው አባባ ከሆቴል እንግዳ ተቀባይ ይበልጣሉ። ይሄው ነው፣ ከዚህ በላይ የሚወራ የለውም።

መኪናዋ ላይ ግን ተቀምጠን እናውራ።

እማዬን ይዤ ሐዋሳ፣ አክስቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። ሁለት የታወቁ አከራዮች በቀን 6,500 ብር አሉኝ። አንድ ደላላ ደግሞ በሰው በሰው ተገናኘንና «ጋሼ፣ ለአንተ በ4,000 አለችኝ፣ የሴት ልጅ መኪና ናት፣ ጭረት የላትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጭረት አልነበረባትም። መንጃ ፈቃዴን አስቀድሜ አስረጋግጬና አስተርጉሜ የአገር ውስጡን ስላወጣሁ በሱ በኩል ችግር የለም። ቦሎ አላት፣ የሦስተኛ ወገን ስቲከሯም ፓራብሬዛው ላይ ተለጥፏል፣ እስከ ሰኔ ያገለግላል። «ኢንሹራንሱስ?» አልኩት። «ሙሉ ነው» አለኝ። አሜሪካ ያስተማረችኝ ነገር ቢኖር ያለ ወረቀት አለመንቀሳቀስ ስለሆነ ውል እንጻፍ አልኩ። ደላላው ደስ አላለውም፤ ግን ጻፈ። ፈረምን፣ ሁለት ምስክር አስፈረምን፣ እኔም ላስቲክ ውስጥ አደረግሁት።

የፍጥነት መንገዱን ጨርሰን ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ከተማ መግቢያ ስንደርስ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ሰርድ ፓርቲ አለ። ሰጠሁት። አገላበጠና፣ ስቲከሩን ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ ሊመልስልኝ እጁን ዘርግቷል። እኔ ሆዬ «ውልም አለኝ» ብዬ ላስቲኩን ከፈትኩ። እማዬ እስከ ዛሬ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «ማን ጠየቀህ?»

ውሉን እያነበበ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደ። ሰማያዊውን ታርጋ አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ተመልሶ መጣ።

«ወንድሜ፣ ይቺ ኮድ 2 ናት፣ የግል። ሰርድ ፓርቲዋም የተገባላት ለግል አገልግሎት ነው። እርስዎ ደግሞ ተከራይቼ ነው የምነዳው እያሉኝ ነው።»

«ኢንሹራንስ አላት እኮ!»

«አላት። ለዚህ ሥራ ግን የላትም።»

ለማያውቅ፦ ቀይ ታርጋ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው። የሚከራይ መኪና ሦስት ቁጥር መሆን አለበት፣ መድኑም በዚያው ልክ ይገባለታል፤ ቀን ከሌት በማያውቃት ሰው እጅ የምትዞር መኪና ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ከምትመላለሰው ጋር እኩል አረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያ፣ አትከፍልም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው፤ በኋላ በ799/2005 ተተካ። ዓላማው መንገድ ላይ ያለው ሰው፣ ማለትም እግረኛው፣ ባለ ባጃጁ፣ አጥሩ የፈረሰበት ሰው ካሳ እንዲያገኝ ነው። እኔንና መኪናዋን አይመለከትም። ያ ሌላ ውል ነው፣ ደላላው «ሙሉ» ያለው። በ2005ቱ አዋጅ ለሞት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ እኔ ቪትዟን በአሥር ቀን ከምከራይበት ጋር እኩል መሆኑን ያሰላሁት ቆይቼ ነው።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። እኔ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እነዳለሁ። አፑን ስትከፍት ተራው የግል ኢንሹራንስህ እንደሚሸሽህ፣ ተሳፋሪ ስትጭን ደግሞ የኩባንያው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን እንደሚገባ፣ በመሃል ያለችው ሰዓት ሰውን እንደምታቃጥል ለስንቱ አዲስ መጪ ቡና ላይ ያስረዳሁ ሰው ነኝ። ቨርጂኒያ በፈረንጆቹ እስከ 2024 ጁን መጨረሻ ድረስ ለመንግሥት 500 ዶላር ከፍሎ ያለምንም ኢንሹራንስ መንዳት የሚፈቀድበት ግዛት ነበረች፤ ያንን ስሰማ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቦሌ ስደርስ ግን ይህ ሁሉ ከጭንቅላቴ በረረ። አገሬ ነው፣ ዘመድ አለኝ፣ ደላላው ጋሼ ብሎኛል፣ አለቀ።

ደላላው ጋ ደወልኩ። እጄ ወረቀት ይዞ ስለነበር ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩት። ነገሩን ስነግረው ሳይጨርስልኝ «ጋሼ፣ ለሻይ ብለህ አንድ ነገር ጣል አድርግለትና እለፍ» አለ። ትራፊኩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሟል። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ «ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ባለቤቷን ይዘህ ና» አለው። መስመሩ ተቋረጠ።

ከአንጸባራቂ ሰደርያው ኪስ ካቻቢቴ አወጣ። እጀታው በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ፣ ጫፉ ያለቀ ካቻቢቴ ነው፤ ስንት ታርጋ እንደፈታ እግዜር ይወቀው። የፊቱ ሁለት ብሎን ወዲያው ወጣ። የኋላው አንዱ ዝጎ ኖሮ እምቢ አለ፤ «ያዝልኝ እስቲ» አለኝ፣ አንቱታው በዚያች ቅጽበት ቀረ። እኔ ታርጋውን በሁለት እጄ ይዤ እሱ እየታገለ የራሴን ቅጣት አገዝኩ። መዳፌ ዝገት ሆነ። እማዬ ለእህቷ ከያዘችው ድፎ ዳቦ ቆርሳ በመስኮት ዘረጋችለት። «ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ነህ፣ ቅመስ።» «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለና ሳይቀምስ ክሱን ጻፈ። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ያነበበችልኝ ደብረ ዘይት ያደገችው እናቴ ናት፣ እያነበበችም እየገሰጸችኝ።

ቅጣቱ ራሱ አልገደለኝም። የገደለኝ ቀሪው ነው፦ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች፣ ባለቤቷ እስኪመጡ ቁልፍ አይሰጥም፣ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ከሰዓት ነው። ባለቤቷ ሰኞ መጡ። ምስኪን ሴትዮ፣ መኪናቸው «ለዘመድ ሠርግ» እንደተወሰደች ነበር የሚያውቁት። እሳቸው ላይ አልጮኽኩም። ደላላው ከሰጠሁት ቀብድ ግማሹን መለሰ፣ ለግማሹ ሁለት ሳምንት ደወልኩ፣ ከዚያ ተውኩት።

ወደ ሐዋሳ የቀጠልነው በሚኒባስ ነው። ረዳቱ የእማዬን ዳቦ እንዳይጨፈለቅ ከፊት ሞተሩ ላይ አስቀመጠላት፣ ወንበር አስለቀቀላት፣ ሻሸመኔ ስንደርስ ውሃ ገዝቶ ሰጣት። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ካየሁት መስተንግዶ ሁሉ አንደኛ ብዬዋለሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ገብቼ «ለሳምንት ለራሴ መግዛት እችላለሁ?» አልኩ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። ሊብሬው በስሜ ስላልሆነ እንደማይሆን፣ የአጠቃቀም ለውጡን ማሳወቅ ያለበት ባለንብረቱ እንደሆነ ነገረችኝና፣ የአንድ ፖሊሲ ባዶ ቅጽ አውጥታ ስለ አጠቃቀም የሚለውን መስመር በእስክሪብቶ አሰመረችበት። «ዲያስፖራ ሲመጣ ስቲከሩን ብቻ ያያል፤ ይቺን መስመር የሚያነብ የለም» አለች። ያቺ ቪትዝ ብትጋጭ ኖሮ ለጥገናዋ አንድ ብር እንደማይወጣ የገባኝ እዚያ ነው።

ለቀረው አንድ ሳምንት ያንኑ 6,500 ብር ከፍዬ አረንጓዴ ታርጋ ተከራየሁ። ፓስፖርት ኮፒ ጠየቁ፣ ማስያዣ ያዙ፣ ጭረቱን አንድ በአንድ ፎቶ አነሱ፤ የመድን ወረቀቱ ላይ «ኪራይ» የሚል ቃል መኖሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ከአደጋ ወጪ የመጀመሪያው ድርሻ የኔ እንደሆነም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። መኪናው አርጅቷል፣ ፍሬቻው አንዳንዴ ብቻ ይሠራል፣ ማቀዝቀዣው ጭራሽ የለም። ለዚህ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ። ትራፊክ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ፤ የተጠየቅሁትን ብቻ ሰጠሁ።

ለፋሲካ ከደላላው መልእክት ደረሰኝ፦ «ጋሼ እንኳን አደረሰህ። ኮድ 3 ቪትዝ ገብታለች። ለአንተ በ5,000።»