ሰንበት ተማሪዎቹ ያሳተሙት የግድግዳ ካላንደር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ

የ2017ቱን ካላንደር ትናንት ከግድግዳ አወረድኩት። ልጥለው ግን አልቻልኩም። ጠቅልዬ መጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ አስቀመጥኩትና የዘንድሮውን ቦታው ላይ ሰቀልኩ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ወይም እዚህ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ሳያልቅ እንድትገዙት ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

ያሳተሙት የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። 13 ገጽ ነው፣ ለየወሩ አንድ፣ ጳጉሜንም የራሷ ገጽ አላት። የሚሸጠው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለችው የንዋየ ቅድሳት ሱቅ ነው። አምና በ120 ብር ገዛሁት፣ ዘንድሮ 150 ገብቷል። ትርፉ ለአብነት ትምህርት ቤት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ተማሪዎች ቀለብና ልብስ ይውላል።

ከሌላው ካላንደር የሚለየው እሑድ እሑድ ላይ ነው። በየእሑዱ ሳጥን ውስጥ የሳምንቱ ስም፣ ምስባኩ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ) እና በቅዳሴ የሚነበበው ወንጌል ከነምዕራፉ ተጽፏል። ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለ። መጀመሪያ ሳየው ቦታ ተርፏቸው መስሎኝ ነበር። የሸጠችልኝ ልጅ ናት የነገረችኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ ወንጌሉን ያንብቡና ልብዎን የነካውን እዚህ ላይ ይጻፉ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። አንድ ወር ሙሉ ግን አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

እውነቱን ለመናገር እኛ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ዓመት ማለት አምስት ስድስት ቀን ሆኖ ነበር። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ጾሙን እንጾማለን፣ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን እናከብራለን። ግን ኅዳር ላይ ቆሞ «አሁን ምን ዘመን ላይ ነን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢመጣ፣ ዘመነ አስተምህሮ ነው ብሎ የሚመልስለት ከካህናቱ በቀር ብዙ ሰው አልነበረም። ቅዳሴም ላይ ቆመን ወንጌሉ ሲነበብ ገና ያኔ ነበር ስለ ምን እንደሆነ የምንሰማው፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ ረስተነዋል።

መጀመሪያ ለውጥ ያየሁት በጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት 40 ቀን ማለት ነው። ልጆቹ በካላንደሩ ላይ ማኅሌተ ጽጌ፣ ማለትም የጽጌው የሌሊት ዝማሬ፣ የሚቆምባቸውን የቅዳሜ ሌሊቶች በሙሉ በትንሽ ቢጫ አደይ አበባ ምልክት አድርገዋል። የጥቅምትን ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፣ አጥንት ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከካህናቱ ጋር ያደርነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። እየቆየ ግን ቤቱ ውስጥ አደይዋን ያየ ሁሉ ጋቢውንና በርኖሱን ደርቦ መምጣት ጀመረ። መሪጌታው ይህን ሲያዩ በየመሃሉ አንድ አንድ ዜማ እያቆሙ ምሥጢሩን ባማርኛ ያስረዱን ነበር። በመጨረሻው ሌሊት ውስጥ ቦታ ጠፍቶ ወጣቶቹ ውጭ ቆመው አደሩ። እኔም በማግስቱ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፍኩ።

ወደ ዐቢይ ጾም ልለፍ፣ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት ሳምንት፣ እያንዳንዱም ስም አለው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ እያለ ይሄዳል። አራተኛው መጻጉዕ ነው፣ አምና መጋቢት 7 ቀን ዋለ። በዋዜማው ማታ ለእናቴ ወንጌሉን አነበብኩላት፣ ዓይኗ ስለደከመ እኔ ነኝ የማነብላት። ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረው በሽተኛ፣ ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ እናቴ «ቆይ» አለችኝ። ዝም አለች። ከዚያ «እኛስ ለእማማ ሰው ሆነንላቸዋል?» አለች።

እማማ ከእኛ ሦስት ቤት ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ሦስት ዓመት አልፏል፣ ከዚያ ወዲህ ደጀ ሰላም ረግጠው አያውቁም። ሁላችንም እናውቃለን። ስናልፍ «እንደምን ዋሉ» እንላለን፣ በዓል ሲሆን ምግብ እንልካለን። ከዚህ በላይ ግን ማንም አልሄደም። እናቴ በባዶው መስመር ላይ «ሰው የለኝም» ብለህ ጻፍልኝ አለች፣ ጻፍኩላት። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንወጣ የማኅበሯን ሴቶች ሰብስባ ነገረቻቸው። ለካ ሁለቱ እነሱም ማታ ያንኑ ወንጌል አንብበው ስለ እማማ እያሰቡ አድረዋል! አራት ሆነው ጸበልና ዳቦ ይዘው ሄዱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየእሑዱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይሄዳሉ። በሆሳዕና ዘንባባ ይዘውላቸው ገቡ። በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ሁለት ሰንበት ተማሪዎች ደግፈው ባጃጅ ላይ አስቀምጠው አመጧቸው፣ እማማም ከሦስት ዓመት በኋላ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አላየሁም።

ይህን ሁሉ ያደረገው ወረቀት ነው አልልም። ወንጌሉ በየዓመቱ ይነበብ ነበር። ግን ቅዳሜ ማታ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ምዕራፍ ሲከፈት፣ እሑድ ጠዋት ምዕመናኑ አንድ ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ። ይህን ዓይነት ነገር እዚህ ደብር ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለው የባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበት፣ ሰንጠረዥም በጣም ወድጄዋለሁ። ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት ካላንደር ጾመ ነነዌን ማክሰኞ አስጀምሮ ቤታችንን አሳስቶን ያውቃል፤ ነነዌ ደግሞ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የሚገባው። እዚህ ግን ስሌቱ ከነመንገዱ ስላለ ማንም ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። የ14 ዓመት ልጄ የዘንድሮውን ቁጭ ብሎ ሠራው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዘመንና 2018 ደምሮ 7518 አገኘ፣ ለ19 ሲያካፍለው 13 ተረፈ፣ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ሆነ። 12ን በ19 አባዝቶ ለ30 ሲያካፍለው 18 ተረፈ፣ መጥቅዕ የሚባለው እሱ ነው። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድን ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበውን ቁጥር፣ 7 ጨመረበትና 25 መጣ። «አባዬ፣ ነነዌ ጥር 25 ነው!» ብሎ እየሮጠ መጣ። አምና የካቲት 3 ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ፋሲካ ቀደም ስላለ የሐዋርያት ጾም አምና 33 ቀን የነበረው ዘንድሮ 41 ቀን ይሆናል።

ፎቶዎቹ ከራሳችን አገር ናቸው። የጥር ገጽ ላይ ሚንጃር ሸንኮራ፣ ኢራንቡቲ ላይ ለጥምቀት የሚሰበሰቡት ታቦታት አሉ። የግንቦት ገጽ ጻድቃኔ ማርያም ናት።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። የጾም ቀኖች የታተሙበት ሐምራዊ ቀለም በጣም ፈዛዛ ነው፣ ማታ ማታ ጭራሽ አይታይም። ዘንድሮም አላስተካከሉትም፣ ይህ ቅር ብሎኛል። ወረቀቱ ስስ ነው፣ የእኔ ሚያዝያ ላይ ከስፒራሉ መቀደድ ጀምሮ በፕላስተር ነው ዓመቱን የጨረሰው። 33ቱን የእመቤታችን በዓላት በሰማያዊ ኮከብ ምልክት አድርገዋል፣ ግን ኮከቡ ምን እንደሆነ የትም አልተገለጸም። እነዚህን በዓላት እንዲከበሩ የደነገጉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ ይህችን ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ራሳቸው። እዚህ ከተማ በሚታተም ካላንደር ላይ ይህን የሚናገር ሁለት መስመር መጥፋት አልነበረበትም። የሐምሌ ሁለት እሑዶች ደግሞ ምንባባቸው ተረስቶ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ደክሟቸው ይሆናል።

ያስተካከሉትም አለ። አምና ምስባኩ በግዕዝ ብቻ ነበር፣ ዘንድሮ ሥሩ ባማርኛ ተተርጉሟል። ፊደሉም ተለቅ ብሏል። ሰው ሲነግራቸው ይሰማሉ፣ ስለዚህ ስትገዙ ያያችሁትን ጉድለት ለሱቋ ልጅ ንገሯት፣ በደብተር ትጽፋለች።

ዘንድሮ ሁለት ገዛሁ። አንዱን ለእማማ ወሰድኩላቸውና ከአልጋቸው ትይዩ፣ ተኝተው እንዲታያቸው ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩላቸው። እንደፈራሁት ሐምራዊው አልታያቸውም። ቁጭ ብዬ የዓመቱን ጾሞች በሙሉ በሰማያዊ እስክሪፕቶ አከበብኩላቸው።