ትከሻችንን ላተረፈችልን አሰልጣኝ፣ ከደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ፣ በተለይ ዕድሜያችሁ ከገፋ በኋላ ዋና ለጀመራችሁ፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። ለእሷ ደግሞ ምስጋና ነው።

እኔና ጓደኞቼ ዋና የምንወድ ጎልማሶች ነን። ችግራችን ገንዳ ነው። እንደልባችን የምንዋኘው አዲስ አበባ ስንወርድ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ደግሞ በየቀኑ አይኬድም። ገንዳ ያገኘን ቀን የናፈቀንን ሁሉ ባንዴ ልንወጣ እንላለን። ከዚያ ትከሻ ይታመማል። እኔማ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ማውረድ ሁሉ ከብዶኝ ነበር።

ይህችን አሰልጣኝ ያገኘናት በሰው በሰው ነው። ስፖርት ሳይንስ የተማረች ወጣት ናት። ጂም የላትም፤ የምታሠራው ሜዳ ላይ ነው። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጻፍኩም።

መጀመሪያ ቀን ምንም አላሠራችንም ማለት ይቻላል። ግድግዳ አስደግፋ እጃችንን ወደ ላይ አስነሳችን። ተረከዛችን ላይ አስቀመጠችን። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ነገሩን አስረዳችን። ፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ እጅን እያፈራረቁ መቅዘፍ) ስንዋኝ ክንዳችን ውሃውን ደጋግሞ ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይስባል። ደረትና የፊት ትከሻ ይጠነክራሉ። ትከሻን ከኋላ የሚይዙት ትናንሽ ጡንቻዎች ግን ያን ያህል አይሠሩም። ቢሮ ጎብጦ የሚውል ሰው ደግሞ ደረቱ ድሮውንም የተዘጋ ነው። ትከሻው ወደ ፊት ይሳባል፤ እጅ ከራስ በላይ ሲነሳ ሕመም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

መፍትሔዋ የሚለጠጥ የስፖርት ላስቲክ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ ታስረዋለች። ክርናችንን ጎናችን ላይ አጣብቀን ላስቲኩን ወደ ውጭ እንስባለን። ቀለል ያለ ላስቲክ፣ 15 ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ። ቀጥሎ ጀርባ ላይ ያለውን ሰፊውን የትከሻ አጥንት ወደ ኋላና ወደ ታች እየሰበሰብን ላስቲኩን ወደ ደረታችን እንጎትታለን። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። በማግስቱ ግን የት እንዳለ የማናውቀው ጡንቻ ያመናል። ከመዋኘት በፊት ቀላሉን ብቻ፤ ከበድ ያለውን ውሃ በማንገባበት ቀን። ይህን ሕግ አጥብቃ ትይዛለች።

ፕላንክም ታሠራለች፤ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት ማለት ነው። 30 ሰከንድ፣ ግን ወገብ ሳይሰምጥ። ሆድና ወገቡ ያልጠነከረ ሰው ውሃ ውስጥ እግሩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ያኔ ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። ስኳት (ቁጢጥ እያሉ መነሳት) የምታሠራን ውሃ የሞላ ጀሪካን አስይዛ ነው። ውሃ ክብደታችንን ስለሚሸከምልን፣ ዋና ብቻውን አጥንት የሚያጠነክር ጫና ብዙም አይሰጥም። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ያሳስባል፣ ሴቶችን ደግሞ ይበልጥ። ለእኔ ከትምህርቷ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ሩጫ የለመዳችሁ ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁን አሳዩዋት። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ጣቶች ወደ ኋላ ካልተዘረጉ እግር ውሃውን አይገፋም፣ እኛን ወደ ኋላ ይጎትተናል እንጂ። ተረከዝ ላይ የመቀመጡ ነገር ለዚህ ነው። ጉልበቱን የሚያመውን ግን በግድ አታስቀምጥም።

አብረውን የሚሠሩ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። «ጋሼ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ ቀስ ይበሉ» እያለች አጠገባቸው ትቆማለች። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እሱንም ለብቻው በትንሹ ታስጀምረዋለች። በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ፀሐይ ሳትወጣ አትጀምርም። ማሟሟቂያውም ይረዝማል። ጥንቃቄዋን በጣም እወድላታለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ውሃ ውስጥ ዋና አታስተምርም፤ ያ ሥራዋ አይደለም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የእጅ መደንዘዝ ያለበትን ሰውም «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ብላ ትመልሳለች። ገንዘቡን ለማግኘት ብላ ተቀብላ የምታሠራው ሰው የለም።

አሁን ትከሻዬ ደህና ነው። ጓደኞቼም ከገንዳ ሲወጡ ትከሻቸውን ይዘው አያቃስቱም። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በርቺልን።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክፍያዋ አይከብድም፤ በቡድን ስትሆኑ ደግሞ ትቀንሳለች። ላስቲኩ እሷ ጋር አለ። ምንጣፍና ሹራብ ግን ይዛችሁ ሂዱ።